ታናሹ ወንድም የነገረው ታሪክ

ክረምት ነው እንበል። ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ወጣ ባለ መንደር፣ በአንድ ቤት ውስጥ ተቀምጣችኋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ደጅ መውጣት አይቻልም። እናንተ የቤቱ ታላቅ ናችሁ፤ እህት ብትሆኑ ሰፌድ እየሰፋችሁ፣ ወንድም ብትሆኑ ገመድ እየገመዳችሁ ነው። እናታችሁ እንዝርት ታሾራለች። ታናናሾቻችሁ ከጓሮ ባመጡት ጭቃ በሬና ቀንበር ያበጃሉ። ከትንንሾቹ አንዱ ቀና ይልና፣ «እታለም፣ እስኪ ታሪክ ንገሪን» ይላል። ምን ትነግሩታላችሁ?

ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ለዚያች ደቂቃ ነው። በሰንበት ትምህርት ደጋግመን የምናስተምረው የዳዊት፣ የዮናስና የዳንኤል ታሪክ አለ፤ መጀመሪያ የሚመጣልንም እርሱ ነው፤ መልካም ነው። ዛሬ ግን ከሐዋርያት ዘመን በኋላ ስለ ነበሩ ክርስቲያን ልጆች የሚናገሩ ሁለት ጥንታዊ ታሪኮችን አንሥቼ፣ እንዴት እንደ ተጻፉና እኛም እንዴት እንደምንተርካቸው ልመዝን እወዳለሁ። አንደኛው የአገራችን ነው፤ ሁለተኛው የቀጰዶቅያ። ሁለቱም ወደ እኛ የደረሱት በወንድም ወይም በእህት አፍ ስለ ተነገሩ ነው። እኛ ግን ስንተርካቸው አብዛኛውን ጊዜ የምንጥለው ያንኑ ወንድም፣ ያችኑ እህት ነው። ቅሬታዬ ይህ ነው።

የአገራችንን ታሪክ የጻፈው ሩፊኖስ የተባለ የላቲን ጸሐፊ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ብሎ በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ሜሮፒዮስ የሚባል የጢሮስ ፈላስፋ ሩቅ አገር ለማየት በመርከብ ይነሣል። የሚያስተምራቸውን ሁለት ልጆች ይዟል፤ ታላቁ ፍሬምናጦስ፣ ታናሹ ኤዴስዮስ ይባላሉ። ሩፊኖስ የሜሮፒዮስ ዘመዶች ይላቸዋል፤ እኛ ወንድማማቾች ብለን እናውቃቸዋለን። ሲመለሱ መርከቡ ውኃና ስንቅ ፍለጋ ወደ አንድ ወደብ ይጠጋል። የአገሩ ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል በቅርቡ ፈርሶ ነበርና በመርከቡ ያሉትን ሁሉ ይገድላሉ፤ ሜሮፒዮስም አብሮ ይሞታል። ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ይገኛሉ። ሰዎቹ ይራሩላቸውና ወደ ንጉሡ ይወስዷቸዋል። ንጉሡ ኤዴስዮስን መጠጥ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስን የሒሳቡና የደብዳቤው ኃላፊ ያደርገዋል።

ንጉሡ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ትቶ ሲሞት ለሁለቱ ነፃነት ይሰጣቸዋል። ንግሥቲቱ ግን ልጇ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በመጠበቅ እንዲያግዟት ትለምናቸዋለች፤ እነርሱም ይቀራሉ። በዚያ ጊዜ ፍሬምናጦስ ከነጋዴዎች መካከል ክርስቲያን የሆኑትን እየፈለገ የሚጸልዩበትን ስፍራ ያዘጋጅላቸው ጀመር። ልጁ ካደገ በኋላ ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ቸኮለ። ፍሬምናጦስ ደግሞ ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለአትናቴዎስ የሆነውን ሁሉ ነገረው፤ ለዚያ አገርም ኤጲስ ቆጶስ እንዲልክ ጠየቀው። አትናቴዎስም ከፍሬምናጦስ የተሻለ ሰው እንደማይገኝ አይቶ እርሱኑ ሾሞ መለሰው።

ይህ ከእሳት ዳር የተፈጠረ ተረት አይደለም። አትናቴዎስ በራሱ ጽሑፍ ውስጥ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ ለአክሱም ገዦች ለኢዛናና ለሳይዛና የላከውን ደብዳቤ አስቀምጦልናል፤ ደብዳቤው በ350ዎቹ እ.ኤ.አ. የተጻፈ ሲሆን ፍሬምናጦስን በስሙ ይጠራዋል። የኢዛና ሳንቲሞችም ይመሰክራሉ፤ የቀደሙት የጨረቃና የክብ ምልክት አለባቸው፣ የኋለኞቹ መስቀል።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ለልጆች ስንነግር ምን እናደርጋለን? ሦስት ቦታ ላይ እንቆርጠዋለን።

መጀመሪያ የምንቆርጠው መርከቡን ነው። «ሁለት ልጆች በመርከብ ወደ አገራችን መጡ» ብለን እንጀምርና ወዲያው ቤተ መንግሥት እናስገባቸዋለን። ልጆቹ እንዳይፈሩ ብለን ነው። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን ብዙ ልጆች የተኩስ ድምፅ ሰምተዋል፤ ብዙዎችም ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶባቸው ከርመዋል። ፍርሃትን ከእኛ አፍ አይማሩትም፤ ቀድመው ያውቁታል። የማያውቁት፣ እንዲህ ያለ ቀን የደረሰባቸው ሌሎች ልጆች እንደ ነበሩና ታሪካቸው በዚያ ቀን እንዳላበቃ ነው። ሩፊኖስ ራሱ ሞቱን ባጭር ቃል ያልፈዋል፤ ደም አያሳየንም፣ አይደብቀንምም። ልኩ ይህ ነው። «አስተማሪያቸውም ሞተ» በሉና ጥቂት ዝም በሉ። ልጁ የጭቃውን በሬ ቀንድ እያበጀ ይሰማችኋል፤ መጠየቅ ከፈለገ ይጠይቃል።

ሁለተኛ፣ ምክር እንጨምርበታለን። «አያችሁ፣ ሲያጠኑ ስለ ተገኙ ዳኑ፤ እናንተም ጎበዝ ተማሪ ሁኑ» እንላለን። ይህን እኔም ብዬዋለሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ታሪኩ ራሱ ይቃወመኛል። ሜሮፒዮስ ከሁለቱም የበለጠ የተማረ ሰው ነበር፤ ትምህርቱ አላዳነውም። ልጆቹ የዳኑት የገደሉት እጆች ራርተው ስለ ቆሙ ነው። ሩፊኖስ የጻፈው ምሕረትን ነው፤ እኛ ደግሞ ወደ ፈተና ውጤት አወረድነው። ትምህርቱ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም፤ ፍሬምናጦስ በኋላ ለንጉሡ ሒሳብና ደብዳቤ የበቃው ስለ ተማረ ነው። ያ ግን በኋላ የሚመጣ ነው። ወንድሙ ወይም አባቱ ያልተመለሰለት ልጅ አጠገባችሁ ተቀምጦ «ጎበዝ ስለ ነበሩ ዳኑ» ስትሉ ምን ብሎ እንደሚሰማችሁ አስቡ።

ሦስተኛው ቁርጥ ይበልጥ ያሳዝነኛል፤ ኤዴስዮስን እናጠፋዋለን። ታሪኩ በሁለት ልጆች ይጀምርና ከቤተ መንግሥቱ በኋላ አንድ ሰው ብቻ ይቀራል። ታላቁ ጳጳስ ሆነ፤ ታናሹ ምን እንደ ሆነ የሚነግረን የለም። ከጭቃው አጠገብ ያለው ታናሽ ወንድማችሁ ግን አይረሳውም፤ «ትንሹስ?» ይላል። መልሱ በሩፊኖስ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ሩፊኖስ ይህን ሁሉ ከተራ ወሬ እንዳልሰበሰበ፣ በኋላ በጢሮስ ቄስ ከሆነው ከኤዴስዮስ ከራሱ አፍ እንደ ሰማው ይናገራል። ትንሹ ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ አገለገለ፣ የታላቁንና የራሱንም የልጅነት ታሪክ ለሰው ነገረ። የዛፉን ሥር፣ የመርከቡን ቀን፣ የንጉሡን ጽዋ የምናውቀው በእርሱ ነው። ፍሬምናጦስ ለአገራችን ወንጌልን ይዞ ተመለሰ፤ ኤዴስዮስ ደግሞ ያንን ታሪክ አቆየልን። ታናሽ ለሆነ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ምን ይነገረዋል?

ሩፊኖስም ያለ ነቀፋ አያልፍም። አገራችንን ሕንድ ይላታል፤ የአክሱምን ስም አያነሣም፣ ንጉሡንና ንግሥቲቱንም በስም አይጠራም። የአገሩን ሰዎች የሚያያቸው ከመርከቡ ላይ ሆኖ ነው። የራሩት ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ፣ ልጆቹን ማን እንዳበላቸው፣ ቋንቋውን ማን እንዳስተማራቸው አንድ ቃል የለውም። አንድም ነገር ልብ በሉ፤ ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ሲሄድ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ሄዷል፤ ስለዚህ ከአትናቴዎስ ጋር የነበረውን ንግግር ኤዴስዮስ ከሌላ ሰምቶት እንጂ አይቶት አይሆንም። የባሕሩ ዳርቻ ክፍል ግን ያየ ሰው ወሬ ነው፤ ዛፉ ያን ያህል የሚታየንም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ስትተርኩ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለዩ፤ ያልተጻፈውንም «ይህን አልጻፈልንም፤ እናንተ ምን ይመስላችኋል?» ብላችሁ ለልጆቹ ስጧቸው። ምግቡን ማን እንዳቀረበላቸው የጎጃም ልጅ ለመገመት አይቸገርም፤ እንግዳ ሲመጣ እናቱ የምታደርገውን አይቷል።

ሁለተኛው ታሪክ የማክሪና ነው። የጻፈው ታናሽ ወንድሟ የኒሳው ጎርጎርዮስ ሲሆን፣ እርሷ ያረፈችው በ379 እ.ኤ.አ. ነው። ማክሪና የብዙ ልጆች ታላቅ ነበረች፤ ከታናናሾቿ መካከል ባስልዮስ፣ ጎርጎርዮስና የመጨረሻው ጴጥሮስ ይገኛሉ። ጎርጎርዮስ ስለ ልጅነቷ ሲናገር ሁለት ነገር አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጣል፤ መዝሙረ ዳዊትን በየሰዓቱ መድገሟንና እጇ ሱፍ መሥራት መልመዱን። ባለጠጋ ቤት ሆና ሳለ ለእናቷ በገዛ እጇ እንጀራ ትጋግር ነበር። ጴጥሮስ ሲወለድ አባታቸው ሞተ፤ ማክሪናም ሕፃኑን ከሞግዚት ተቀብላ አሳደገችው፣ አስተማረችው። ይህ ጴጥሮስ የእጅ ሥራን ሁሉ ያለ አስተማሪ የሚለምድ ልጅ እንደ ነበር ወንድሙ በአድናቆት ይጽፋል። በኋላም ኤጲስ ቆጶስ ሆነ።

የመጽሐፉ ከፍታ መጨረሻው ላይ ነው። ጎርጎርዮስ ስምንት ዓመት ያህል ካላያት በኋላ ሊጠይቃት ሲመጣ ታላቅ እህቱን መሬት ላይ በተዘረጋ ሳንቃ ተኝታ፣ በትኩሳት ስትነድድ ያገኛታል። እርሱ ያዝናል፤ እርሷ ግን ከልጅነቷ ጀምራ የሕይወቷን ታሪክ ትነግረው ጀመር። የአባታቸው ወላጆች ክርስቶስን በመመስከራቸው ሀብታቸው እንደ ተወረሰ፣ በእናታቸውም በኩል አያት ለእምነቱ እንደ ተገደለ ትነግረዋለች። እግዚአብሔር ቤታቸውን እንዴት እንደ ጠበቀ ለማመስገን ነበር የምትናገረው። ጎርጎርዮስ በዚያን ጊዜ ኤጲስ ቆጶስና የታወቀ መምህር ነበር፤ ከእህቱ እግር ሥር ግን ታናሽ ወንድም ሆኖ ተቀምጦ ይሰማል፤ ወሬዋ እንዳያልቅም ይመኛል።

ይህም መጽሐፍ ጉድለት አለው። ጎርጎርዮስ እህቱን እጅግ ስለሚያደንቃት አንድም ቀን ስትሳሳት አያሳየንም። ልጆች ያለ ስሕተት የምትኖርን እህት ሲሰሙ ያከብሯታል እንጂ አይቀርቧትም። ቢሆንም ሱፉና እንጀራው ያድኑታል። ማክሪና የምትታየን ስትጸልይ ብቻ ቢሆን ሥዕል ሆና በቀረች ነበር፤ እጇ ሊጥ ሲነካ ግን የእኛን ቤት እህት ትመስላለች። ጢሞቴዎስም ከልጅነቱ ቅዱሳት መጻሕፍትን ያወቀው ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ እምነት አጠገብ አድጎ ነው፤ ጳውሎስ በሁለተኛው መልእክቱ የሁለቱን ስም ባያነሣ ኖሮ አናውቃቸውም ነበር። በኢዮጴ ዶርቃ ስትሞት መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሰፋቻቸውን ልብሶች ነው።

አሁን ወደ ክረምቱ ቤት እንመለስ። የእጅ ሥራ ለታሪክ ምን ያደርግለታል? ለልጆች ፕሮግራም ስናዘጋጅ ብዙ ጊዜ ከታሪኩ በኋላ ወረቀት ቆርጠው እንዲለጥፉ እናደርጋለን፤ ሥራው የታሪኩ ማስጌጫ ይሆናል፣ አልቆም ይጣላል። በየቤታችን ያለው ሥራ ግን ሌላ ነው። ሰፌድ በአንድ ማታ አያልቅም። ፈተልም እንዲሁ። ስለዚህ ታሪኩም በአንድ ማታ እንዲያልቅ የሚያስገድደው የለም፤ መርከቡን ዛሬ፣ ቤተ መንግሥቱን ነገ፣ እስክንድርያን ከነገ ወዲያ መናገር ይቻላል። ደግሞም እጁ ሥራ የያዘ ልጅ ዓይን ለዓይን አይታይም። ከባድ ነገር መጠየቅ የሚቀለው እንዲህ ሲሆን ነው። «እነዚያ የገደሏቸው ሰዎች በኋላ ክርስቲያን ሆኑ?» የሚለው ጥያቄ በክፍል ውስጥ፣ እጅ አውጥቶ የሚጠየቅ አይደለም፤ ጭቃ እየተድበለበለ ሳለ ግን ይወጣል።

ከጭቃው ሥራ ለታሪኩ የሚስማማ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። ልጆቹ እንደ ሳንቲም የደቀቁ ክብ ጭቃዎች ያብጁ፤ በአንዱ ላይ ጨረቃ፣ በሌላው ላይ መስቀል በስንጥር ይሳሉ። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ በመካከላቸው ምን እንደ ሆነ ጠይቋቸው። ፀሐይ ሲወጣ ያደርቁታል፤ ሲጫወቱበት ታሪኩን እነርሱ ራሳቸው ለጎረቤት ልጅ ይነግሩታል። ያን ጊዜ ጆሯችሁን ጣሉ። የእናንተ ትረካ ምን እንደ ነበረ የምታውቁት ከእነርሱ አፍ ነው፤ ኤዴስዮስን ከጣሉት እናንተም ጥላችሁታል ማለት ነው።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንዱ፣ «ለልጆች የሚያስፈልጋቸው ቃሉ ብቻ ነው፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ያለ ታሪክ ለምን?» የሚል ነው። የሩፊኖስን ወሬ ከወንጌል ጋር እኩል አድርጎ የሚነግር ሰው ቢኖር እኔም እቃወመዋለሁ። ነገር ግን የዕብራውያን መልእክት ቃሉን የነገሩንን ሰዎች እንድናስብና የኑሯቸውን ፍሬ እንድንመለከት ያዝዛል። ከሐዋርያት ሥራ ተነሥተን በአንድ ዝላይ የእኛ ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተችበት ዓመት ላይ ስናርፍ፣ ልጆቻችን በመካከሉ እግዚአብሔር በዚህ አገር ምንም ያልሠራ ይመስላቸዋል። «ይህ ታሪክ ነው፤ ያኛው ቃሉ ነው» ብሎ መለየት ለአንድ ታላቅ እህት ከባድ አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ በዝግታ የሚነገር ነው፤ «ይህ የእነርሱ ታሪክ ነው» የሚል። በጎጃም ለምንኖር ወንጌላውያን ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ብዙዎቻችን አያቶቻችን ኦርቶዶክስ ናቸው፣ በአንዳንድ ቤት በእምነት ምክንያት የተቀዛቀዘ ፍቅር አለ። ፍሬምናጦስን አያቶቻችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ይሉታል፤ ስንክሳርም በሐምሌ 26 ያስበዋል። ስለዚህ ታሪኩን ከሩፊኖስ ብቻ አትውሰዱ። በሚቀጥለው ጊዜ አያታችሁን ስትጠይቁ ከአጠገባቸው ተቀመጡና ባዘቶውን እየነደፋችሁላቸው፣ «እማማ፣ የአባ ሰላማን ታሪክ እርስዎ እንዴት ነበር የሰሙት?» በሏቸው። ለማረም አትቸኩሉ፤ አዳምጡ። ከሩፊኖስ የሚለይበት ቦታ ይኖራል፤ በኋላ ለታናናሾቻችሁ ሁለቱንም ንገሯቸው፣ የትኛው ከማን እንደ ተሰማ እየጠቀሳችሁ። ስለ ሌላው ነገር ላትስማሙ ትችላላችሁ፤ ከዛፍ ሥር ስለ ተገኙት ሁለት ልጆች ግን አብራችሁ ታወራላችሁ።

እንግዲህ ፍርዴን ልናገር። ሁለቱም መጻሕፍት ቢነበቡ ያስደስታሉ፤ ቢነገሩ ግን ይበልጣሉ፤ መጀመሪያውንም የተነገሩ ናቸውና። የሩፊኖስ ታሪክ ለትንንሾች ይስማማል፤ አጭር ነው፣ ዛፍና መርከብ አለው፣ ታናሹ ቦታ አለው። የማክሪና ለእናንተ ለታላላቆቹ ይሻላል፤ በተለይ እናት ወይም አባት በሞት የተለያቸውን ታናናሾች ለምታሳድጉ። ወንድማችሁን ስታጥቡ፣ ሊጥ ስታቦኩ፣ ማንም አገልግሎት ብሎ የማይጽፈውን ሥራ ስትሠሩ ማክሪናን አስቧት።

ዝናቡ ገና አላባራም። ትንሹ ልጅ የጭቃ በሬውን አስቀምጦ ዛፍ መሥራት ጀምሯል፤ ከሥሩም ሁለት ትንንሽ ሰዎች አስቀምጧል። «ይኼኛው ትንሹ ነው» ይላችኋል። ስሙን ከረሳው ንገሩት፤ ኤዴስዮስ ይባላል።